ከካቺሲ በታች ያለው ነጭ መስመር

የካቺሲው ገበሬ ኦቦ ኦሊቃ፣ ፉአድ ደውሎላቸው ስልክ ሲያነሱ ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ካርድ ይበላል። ጤናውን፣ ሥራውን፣ የአምቦን ብርድ፣ ኮምቦልቻ ያሉትን የእናቱን ጉልበት ሳይቀር ይጠይቃሉ። አጠገባቸው ሰው ካለ ደግሞ እሱም እንዲጠይቅ ስልኩን ያቀብሉታል። ወደ ጉዳይ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን ፉአድ፣ «ኦቦ ኦሊቃ፣ ሐሙስ እመጣለሁ፤ አስተማሪዬንም ይዤ ነው» ሲላቸው፣ «ና» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንጠብቅሃለን» አሉና ዘጉት።

ፉአድ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። ኔትወርክ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ፈልጎ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ሙሉ ነው። መልሶ መደወል አልደፈረም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ በማግስቱም ክፍል ገብቶ አንዱን ትምህርት ለአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ አስተማረ። ተማሪዎቹ እንኳ እየሳቁ ዝም አሉት።

ሲፈጥረውም ስጉ ነው። ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በሩን የሚነቀንቅ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መዝናኛ ውስጥ ጓደኞቹ፣ «አንተ ድንጋይ የምታጠናው ድንጋይ ስለማይሸሽ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ግን እውነትነት አለው። የሥነ ምድር መምህር ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪውን ከጀመረ አራት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ዓመት ካልጨረሰ የትምህርት ዕድሉ ይሰረዛል፤ የማስተማር ሥራውም አብሮ ይሄዳል። መጨረስና አለመጨረሱ ደግሞ የተንጠለጠለው ካቺሲ ቁልቁለት ላይ አፈር ውስጥ በተኛ አንድ የጀርባ አጥንት ላይ ነው።

ከካቺሲ ከተማ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲሄዱ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የኦቦ ኦሊቃ ማሳ እዚያ ተዳፋት ላይ ነው። ከማሳው በላይ አመድማ የጭቃ ድንጋይ ብቅ ይላል። በእጅ ሲይዙት ጠንካራ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ይፈረፈራል። ገበሬው ለግንብ አይሆንም ብሎ ንቆ ትቶታል። ለፉአድ ግን ከወርቅ ይበልጣል። ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ባሕር ነበር፤ ድንጋዩም የባሕሩ ወለል ላይ የረጋ ጭቃ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጡ ቅርፊት ሲለቅም ኖሮ፣ በኅዳር 2010 አንድ ከሰዓት በኋላ መዶሻው አጥንት አገኘ። አዞ የሚመስል የባሕር አውሬ ሞቶ በወደቀበት ጭቃ ላይ እንደተኛ ነው፤ የጀርባ አጥንቱ አንጓ በአንጓ ተደርድሯል። ፉአድ ተንበርክኮ አለቀሰ። ማንም አላየውም።

አማካሪው ዶክተር ማኅሌት በስልክ ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ነገር ግን ቁርጡን ነገሩት። «ፎቶ ይዘህ ብትመጣ አይበቃኝም። ከላይ ተንከባሎ የመጣ ይሁን እዚያው የሞተ፣ ከነተኛበት ድንጋዩ በዓይኔ ካላየሁት አልፈርምም።»

እንዳያወጣው ከበደው፤ መኪና እዚያ አይወርድም። እንዳይተወው ድንጋዩ አየር ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች እንደሚያደርጉት አደረገ፦ ሐኪም የተሰበረ እግር ላይ እንደሚያደርገው፣ ጨርቅ ጀሶ ውስጥ እየነከረ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ጠቀለለው። ጨርቁ ጆንያ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን በቂ ጆንያ አላገኘም። ካቺሲ ገበያ ወጥቶ አሥር ሜትር አቡጀዲ ገዛ። ነጋዴው ቀድዶ ሲያቀብለው ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «ነፍስ ይማር» አለው። ፉአድ ማስረዳቱ ታከተውና «አሜን» ብሎ ሄደ።

የጠቀለለውን አፈር አለበሰው። ተመልሶ ሲመጣ ቦታው እንዳይጠፋው ደግሞ የጭቃ ድንጋዩን ጠርዝ ተከትሎ አርባ ሜትር ያህል ነጭ ቀለም ቀባ። ኦቦ ኦሊቃ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩት ቆዩና፣ «ምንድን ነው የምትቀባው?» አሉት።

«ለልኬት ነው» አለ ፉአድ።

ሁለት ዓመት ቤታቸው ያደረ፣ ከእርጎአቸው የጠጣ ሰው ነው። ቢሆንም ፈራ። አጥንት ቢላቸው ወሬው ገበያ ይወጣል፤ ወርቅ ነው የሚል አይጠፋም፤ በሳምንት ውስጥ ዶማ የያዘ ሁሉ ይወርዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለና አፉን ዘጋ። በሁለት ወር እመለሳለሁ ብሎ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት የወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ ጊዜው አለፈ። እስከ የካቲት 2011 ድረስ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ የዩኒቨርሲቲው ሾፌር ጉርሙ ከአምቦ ይዞት ወጣ። ዶክተር ማኅሌትን ከአዲስ አበባ ከመጡበት መኪና ጊንጪ ላይ ተቀብለው ወደ ጎጆ ከተማ በሚወስደው መንገድ ታጠፉ። ፉአድ የመኪናውን በር እጀታ ጨብጦ አልለቅ አለ።

«ሰውዬ፣ ሚስትህን ማዋለጃ አስገብተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው ጉርሙ በመስተዋቱ እያየው።

«አጥንቱን ማን ነው የሚጠብቀው?» አሉ ዶክተር ማኅሌት።

«ማንም። ማንም እንዳያውቅ ነው ያደረግሁት፣ ዶክተር።»

«ባለ መሬቱስ?»

«ለልኬት ነው ብያቸዋለሁ።»

ዶክተር ማኅሌት ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጎበዝ» አሉ። ፉአድ ሙገሳ አለመሆኑ ገባው።

መኪናውን ካቺሲ ከተማ ጫፍ አቁመው በእግር ወረዱ። መንገዱ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ። ሌላ ጊዜ ከሩቅ «አካም፣ ፉአድ!» የሚሉት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቀድመው አዩትና መንገድ ለቀቁለት። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ፉአድ እርምጃውን አፈጠነ፤ ተዳፋቱ ሲታየው ደግሞ ሮጠ።

ነጩ መስመር የለም። በመስመሩ ፈንታ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆፈረ ቦይ፣ ከቦዩ በታች ደግሞ አምሮ የተደረደረ የድንጋይ እርከን ነበር። ፉአድ ቦታውን በእግሩ እየለካ ሄዶ ቆመ። ጉድጓድ ብቻ ነው። የጀሶ ስብርባሪ አፈሩ ላይ ተበትኗል። አንዱን አነሣው፤ የአቡጀዲው ክር ከነአሻራው ተለጥፎበታል። እዚያው ተቀመጠ። ዶክተር ማኅሌት ከኋላው ደርሰው ጉድጓዱን አዩ።

ቀና ሲል ኦቦ ኦሊቃና አሥር የሚሆኑ ወንዶች ከላይ ሲወርዱ አየ። አብራቸው አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ ሃዋኒ ትባላለች፣ ለቀበሌው አዲስ የተመደበች የግብርና ባለሙያ ናት። ሰላምታ የለም።

«ማን ነው የቆፈረው?» አለ ፉአድ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

«አንተ ነህ ያስቆፈርከን» አሉ ኦቦ ኦሊቃ።

ሃዋኒ ነገሩን ዘረዘረችው። በጥር የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ነበር። እርከን የሚቆፈርበትን መስመር ልትቀይስ ስትመጣ ተቀይሶ አገኘችው። «በውኃ ልክ ብለካው አንድ ጣት አልተዛነፈም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የሠራው መሰለኝ። ድንጋዩ ደካማ ነው፣ ወደ ላይ ከፍ እናድርገው ስል ኦቦ ኦሊቃ እንቢ አሉ። የዩኒቨርሲቲው ልጅ የለካው ነው፣ የሚያውቀው ነገር አለ አሉ።»

ባሕር ያነጠፈው ድንጋይ እንደ ባሕሩ ወለል ለጥ ብሎ ስለሚተኛ፣ ጠርዙን ተከትሎ የሄደ መስመር የእርከን መስመር ሆኖ ቁጭ ይላል። ፉአድ ይህን ለተማሪዎቹ በየዓመቱ ያስተምራል። አሁን ግን የሚጠይቀው የለም።

«በሦስተኛው ቀን ዶማው ነጭ ነገር መታ» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «ቀስ ብለን ከፈትነው። አጥንት ነው። በአቡጀዲ ተገንዞ፣ አፈር ለብሶ። ካቺሲ ወጥተን ጠየቅን። ነጋዴው አልረሳህም። አሥር ሜትር ሸጥኩለት፣ ነፍስ ይማር ስለው አሜን ብሎኛል አለ።» በትራቸውን አፈሩ ውስጥ ተከሉት። «ፖሊስ እንጥራ ያሉ ነበሩ። ቤቴ የበላ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ከአፉ ልስማ ብዬ አስቆምኩ። አሁን ንገረን። ሟቹ ማን ነው?»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ፉአድ ግን ከተወለደ ጀምሮ ከፈራቸው ሺህ ነገሮች መካከል ይህን አንዱን እንኳ ፈርቶት አያውቅም። ወንዶቹን አየ፤ በሁለት ወገን ቆመዋል፤ ወደ ላይ መውጫውም ወደ ታች መውረጃውም ተይዟል።

«አጥንቱ የት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ባለቤት ተገኝቶለታል» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «የኣዴ ወርቂቱ ልጅ ፈየራ በ2008 ለቀን ሥራ አምቦ ሄዶ፣ ያ ግርግር ሲነሣ እንደወጣ ቀረ። እሷ መጥታ የተበተነውን በእጇ ለቀመች፤ ያልተሰበረውን እኛ ተሸከምንላት። ቄሱ ስሙ በቅጡ ያልታወቀ አጥንት ቅጽር አላስገባም ብለው ነበር፤ ጓሮዋ ቀበርነው። ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጥን።»

ፉአድ በዚያች ቅጽበት ያሰበውን ማንም ሰው ያስባል። እውነቱን ቢናገር እሱ ይድናል፤ ከጥርጣሬውም ይወጣል፣ አጥንቱንም ሊያገኝ ይችላል። ሴትየዋ ግን ልጇን ዛሬ እንደገና ታጣዋለች። አላውቅም ቢል ደግሞ ማታ እስር ቤት ነው፤ ያውም ከእስር ቤቱ ቀድሞ በትር ካልደረሰበት ነው። ዶክተር ማኅሌት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «አሁን ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አሉት።

«ኣዴ ወርቂቱ ፊት ነው የምናገረው» አለ ፉአድ። «እሳቸው ሳይሰሙ አልናገርም።»

ኦቦ ኦሊቃ በበትራቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

ኣዴ ወርቂቱ ጓሮአቸው ካለ ዋንዛ ሥር፣ በእሾህ ከታጠረ የአፈር ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል። ሰዉ ሲመጣ ሰፌዱን አስቀምጠው ፉአድን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ኮቱ፣ ታኢ» አሉት፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አልተቀመጠም። በሰባራ ኦሮምኛው ጀመረ፤ ሲያቅተው በአማርኛ ቀጠለ፤ ሃዋኒ እየተከተለች ተረጎመችለት።

«ይህ አጥንት የሰው አይደለም፣ እማማ። የባሕር አውሬ ነው። ሰው ሳይፈጠር፣ ይህ ሁሉ ባሕር በነበረ ጊዜ የሞተ ነው። እንዳይሰበርብኝ ብዬ ነው በጨርቅ የጠቀለልኩት። የሸሸግሁትም እኔ ነኝ።»

«ባሕር?» አለ አንዱ ከኋላ። «ካቺሲ ላይ?» ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቀጠለም። ፉአድ ስልኩን አወጣ። ከመጠቅለሉ በፊት ያነሣው ፎቶ አለ፤ ድንጋይ ውስጥ የተኛ ረጅም ጀርባ፣ ጫፉ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ ጅራት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የመጨረሻው ሰው ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ለአዞ ነው ድንኳን የጣልነው?» አለ። «እድሩ ለአዞ ነው የወጣው?»

ያን ጊዜ ንዴቱ እንደ ገለባ እሳት ቦግ አለ። ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃል፤ ጉርሙ ዶክተር ማኅሌትን ከኋላው አደረጋቸው። ኦቦ ኦሊቃ ብቻ አልጮኹም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ቤቴ ስታድር አንድ ቀን፣ ኦቦ ኦሊቃ፣ ማሳዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብትለኝ ምን ነበረበት? እላዩ ላይ ተኝቼ አልጠብቅልህም ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አለ ፉአድ።

«ማንን? እኔን?»

«አዎ» አለ። «እርስዎንም።»

ይህን ሲል እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ያፈረው በሰዉ ፊት በማልቀሱ አልነበረም፤ የሽማግሌው ፊት ሲወርድ ማየቱ ነበር የጎዳው።

«ተዉት» አሉ ኣዴ ወርቂቱ። «እኔ አውቄ ነው።»

ጫጫታው ቆመ።

«በእጄ ነው የለቀምኩት። አንጓው ብቻ ከስልሳ በላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ፈየራን እኔ ነኝ የወለድኩት። ጀርባውን ቅቤ እየቀባሁ ነው ያሳደግሁት። ጅራት አልነበረውም።»

ማንም አልሳቀም። «ታዲያ ለምን?» አሉ ኦቦ ኦሊቃ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ይመጣል አላችሁኝ። ሳለቅስ፣ ላልሞተ አይለቀስም፣ ሟርት ነው ብላችሁ ተቆጣችሁኝ። ሞቷል የሚለኝ የለም፤ አለ ብሎ የሚምልልኝም የለም። ደጄን የሚረግጥ ጠፋ፤ ምን እንደሚሉኝ ሲጨንቃቸው ሰዎች በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ። አጥንቱ ሲመጣ ግን ሁላችሁም መጣችሁ። አብራችሁኝ አለቀሳችሁ። ይኸው ነው።»

ከወንዶቹ አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። በየበዓሉ በሬ አርዶ የሚበልት ገበሬ ስልሳ አንጓ ያለው ሰው እንደሌለ አይጠፋውም። ግን በዚያን ቀን ኣዴ ወርቂቱ ሲለቅሙ ሲያዩ፣ አንድም ሰው ቆይ ይህ ምንድን ነው ሊል አልቻለም። እሱን ደግሞ አሁን የሚያወራው የለም።

ፉአድ የአፈሩን ክምር አየ። አራት ዓመቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «እማማ» አለ፣ «አልነካውም። እዚያው ይሁን።» ይህን ሲል ሥራውም፣ ዲግሪውም፣ አምቦ ያለችው ክፍሉም በፊቱ አለፉ። ቢሆንም ቃሉን አልመለሰም።

ሃዋኒ ተረጎመችላቸው። ኣዴ ወርቂቱ ከበርጩማው ተነሥተው እሾሁን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«አውሬህን ውሰድ» አሉ። «አንተም እናት አለችህ፤ ሥራ ፈትተህ ብትመለስባት ምን ትሆናለች? አጥንቱን ውሰደው። መቃብሩን ግን ተውልኝ።»

ማንም ሳያዝ ሁለት ሰው አካፋ አመጣ። ኦቦ ኦሊቃ በትራቸውን ጥለው እሳቸውም ቆፈሩ። ፉአድ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ያወጣል፣ ዶክተር ማኅሌት ከላይ ሆነው ይቀበላሉ። ከጥቅሉ ግማሹ አልተሰበረም፤ አጥንቱ ከነተኛበት ጭቃ ድንጋዩ አለ። ዶክተር ማኅሌት ተንበርክከው በአጉሊ መነጽር አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ሲነሡ ፉአድን አዩትና፣ እፈርማለሁ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁለት። ደስታ ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም።

ባዶውን ጉድጓድ እሱ ራሱ ሞላው፤ ሌሎቹ ሊረዱት ሲሉ ኣዴ ወርቂቱ በእጃቸው ከለከሏቸው። ላቡ እየወረደ አፈሩን ከመረ፣ ዳርና ዳሩን በአካፋው ጀርባ መታ፣ ቀድሞ በነበረበት ልክ አስተካከለው። ሲጨርስ አካፋውን ተደግፎ ሴትየዋን አየ። እሳቸው ክምሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ለኩት።

«ትንሽ አስረዝመው» አሉ። «ፈየራኮ ረጅም ነበር።»

ፉአድ አካፋውን እንደገና አነሣና በእግር በኩል አፈር ጨመረ።